የካልሲየም ኬ ሰሌዳዎች፦ ፀሐይ የተለወጠች በሚመስልበት ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ መመሪያ በህንዱ ኮዳይካናል፣ በአሜሪካው ሞንት ዊልሰንና በፈረንሳዩ ሜዶን ታዛቢ ጣቢያዎች በ393.37 ናኖሜትር የካልሲየም ኬ መስመር (ካልሲየም የፀሐይን ብርሃን በሚውጥበት ጠባብ መስመር) የተነሱትን የቆዩ የመስታወት ፎቶ ሰሌዳዎች ተጠቅመው የፕላዥን (በፀሐይ ላይ የሚታዩ ደማቅ አካባቢዎችን) ስፋት በየዓመቱ ለሚለኩ የተዘጋጀ ነው። የፀሐይን ጠርዝ መለየትና ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚወርደውን ብርሃን ማስተካከል የታወቀ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ፕላዦቹ ከቀን ወደ ቀን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጓዙ ከሆነ ሰሌዳው ተገልብጦ ስካን ተደርጓልና ምስሉን መልሶ መገልበጥ ይበቃል። አቅጣጫቸው ትክክል ሆኖ ቦታቸው 3 ዲግሪ ያህል ከተዛነፈ ደግሞ የህንድ ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ተወስዷል፤ የ5 ሰዓት ተኩል ስህተት በፀሐይ መዞር ምክንያት ይህንኑ ያህል ያፈናቅላል። የፕላዦቹ መሃል ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የስካነሩ ወይም ከመጠን ያለፈ የብርሃን ምጥን ነው። በ8 ቢት በጥድፊያ የተሠራ ስካን የጠፋውን መረጃ በምንም ስሌት አይመልስም፤ ሰሌዳው ራሱ እንደገና ስካን መደረግ አለበት።

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን የፕላዡ ስፋት ከአንድ ወቅት ጀምሮ ወርዶ ለዓመታት እዚያው የሚቀርበት ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የስፔክትሮሄሊዮግራፉ (ፀሐይን በአንድ ጠባብ የብርሃን መስመር ብቻ የሚያነሳው መሣሪያ) ስንጥቅ ከመስመሩ እምብርት ወደ ክንፉ፣ ማለትም ከመሃሉ ወደ ጎኑ፣ መንሸራተቱ ነው። የእምብርቱ ብርሃን ከክሮሞስፌር (ከላይኛው የፀሐይ ከባቢ) የሚመጣ ሲሆን የክንፉ ብርሃን ግን ከእሱ በታች ካለው ፎቶስፌር (በዓይን ከሚታየው ገጽ) ስለሚመጣ፣ ስንጥቁ ጥቂት ከተንሸራተተ ፕላዡና ደማቁ መረብ (ገጹን የሚሸፍነው የደማቅ መስመሮች ድር) ይደበዝዛሉ። ጥቁሮቹ ፊላመንቶች (ከገጹ በላይ የተንጠለጠሉ የጋዝ ክሮች) ጠፍተው የፀሐይ ነጠብጣቦች ጥርት ብለው ከታዩ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

በአንድ ወቅት ከአንድ ቤተ መዛግብት የደረሰኝን ተከታታይ ምስል ለሁለት ወር ከሠራሁ በኋላ፣ ከፀሐይ እንቅስቃሴ ዑደት ከፍታ ማግስት ለአራት ዓመት የዘለቀ መውረድ አገኘሁና አዲስ ግኝት መስሎኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ምስሎቹን በተራ ስትገልጣቸው ፊላመንቶቹ ከአንድ የተወሰነ ወር ጀምሮ እንደሌሉ አሳየችኝ፤ የታዛቢዎቹም ደብተር በዚያው ወር መሣሪያው ተፈቶ እንደተገጠመ በአንድ መስመር ጽፎ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ሳላነብ አንድም ግራፍ አልሠራም።

መፍትሄው ጸጥ ባለው የፀሐይ ገጽ ላይ የመረቡን ንፅፅር በየሰሌዳው ለክቶ በቀን ቅደም ተከተል መሳል ነው። በዚህ ግራፍ ላይ የሚታይ ድንገተኛ ዝላይ ከመሣሪያው እንጂ ከፀሐይ አይደለም። ቀጥሎ በዚያው ቀን በሌላ ጣቢያ ከተነሳ ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል። ነገር ግን የኮዳይካናል መስኮት (መሣሪያው የሚያሳልፈው የሞገድ ርዝመት ስፋት) 0.05 ናኖሜትር፣ የሞንት ዊልሰን 0.035 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሳያዛምዱ መቀጠል አዲስ የሐሰት ዝላይ ይፈጥራል። የጋራ ቀን የሌላቸው የተበላሹ ሰሌዳዎች ይውጡና ቦታቸው ባዶ ይቅር።

የፕላዡን ስፋት በአንድ ቁጥር አባዝቶ ከፀሐይ ነጠብጣብ ቁጥር ጋር ማስማማት ፈጽሞ አይገባም። ይህን አድርገው ሁለቱ መለኪያዎች እንደሚስማሙ በኩራት የጻፉ ሰዎችን ሥራ ገምግሜአለሁ፤ ያገኙት ራሳቸው ያስገቡትን ነው፣ ከዚያም ሌላው ሰው ያንን እንደ ማስረጃ ይወስደዋል።

አንድ ከባድ ጥንቃቄ ይቀራል። የብርሃን ደረጃ ምልክት (የሰሌዳውን ጥቁረት ወደ ብርሃን መጠን ለመመለስ የሚያገለግል) ያልታተመባቸው ሰሌዳዎች የሚስተካከሉት ጸጥተኛው ገጽ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚደበዝዝበት መጠን ምንጊዜም አንድ ነው ተብሎ ነው። ለፕላዥ ስፋት ይህ ይሠራል፤ ነገር ግን መረቡ ራሱ በመቶ ዓመት ውስጥ ተለውጦ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አስቀድሞ ተደምስሷል። ለዚህ ጥያቄ ደረጃ የታተመባቸውን ሰሌዳዎች፣ ወይም ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ ታዛቢ ጣቢያዎች በኪት ፒክና በሳክራሜንቶ ፒክ በቀጥታ የተለካውን የመላውን ፀሐይ የኬ መስመር ስፔክትረም ብቻ ተጠቀሙ።