ዋንት፣ ሆፕ፣ ዊሽ፦ የእንግሊዝኛ የምኞት ግሶች ምን ያስከትላሉ?

«እንዲሄድ እፈልጋለሁ» ስንል ሂያጁ ማን እንደሆነ ግሱ ውስጥ አለ። የእንግሊዝኛው «ቱ ጎ» ግን እሱም፣ እሷም፣ እነሱም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ለብቻው መጠራት አለበት። «እንዲ»ን በ«ዛት» የሚተረጉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በ«ዋንት» እንጀምር። ፈላጊውና አድራጊው አንድ ከሆኑ «አይ ዋንት ቱ ጎ» እንላለን። አድራጊው ሌላ ከሆነ በተሳቢ መልኩ መሀል ይገባል፦ «አይ ዋንት ሂም ቱ ጎ»። «አይ ዋንት ዛት ሂ ጎዝ» ስህተት ነው፤ «አይ ዋንት ሂ ቱ ጎ»ም እንዲሁ። «ውድ ላይክ» ሥርዓቱ ያው ነው፣ ትሕትና ብቻ ይጨምራል።

«ሆፕ» ግን ከዚህ ይለያል። «አይ ሆፕ ቱ ሲ ዩ» ትክክል ነው፤ «አይ ሆፕ ሂም ቱ ካም» ግን አይባልም። አድራጊው ሌላ ሲሆን ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ይከተላል፦ «አይ ሆፕ ሂ ካምስ» ወይም «አይ ሆፕ ሂ ዊል ካም»። በ«ዋንት» የተከለከለው «ዛት» እዚህ ይፈቀዳል፤ በንግግር ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚፈራው «ዊሽ»ን ነው፤ የእኛን «ምነው» ላስታወሰ ግን ያን ያህል አይከብድም። «ምነው ባወቅኩ» ስንል ግሱ የኃላፊ ጊዜ መልክ አለው፣ አለማወቁ ግን የአሁን ነው። እንግሊዝኛውም «አይ ዊሽ አይ ኒው» ይላል። ያለፈ ነገር ሲቆጨን «ምነው ባልሄድኩ ኖሮ» እንላለን፤ የ«ኖሮ»ን ሥራ በእንግሊዝኛ «ሃድ» ይሠራል፦ «አይ ዊሽ አይ ሃድንት ጎን»። «ቢ» የሚለው ግስ ከ«አይ» ጋር እንኳ «ወር» ይሆናል፦ «አይ ዊሽ አይ ወር ቶለር»። በንግግር «ዎዝ»ም ይሰማል፤ በጽሑፍ ግን «ወር» ይመረጣል።

ሌላው ሰው ወይም ሁኔታው እንዲለወጥ ስንመኝ «ውድ» ይገባል፦ «አይ ዊሽ ኢት ውድ ስቶፕ ሬኒንግ»። ለራስ ሲሆን «ኩድ» ነው፦ «አይ ዊሽ አይ ኩድ ስዊም»። «ዊል» ግን ከ«ዊሽ» በኋላ አይመጣም። ነገሩ ሊሆን የሚችል ከሆነ ግሱን ራሱን ወደ «ሆፕ» ይለውጡ። ተፈታኝን ሲመርቁም «አይ ዊሽ ዩ ፓስ» ሳይሆን «አይ ሆፕ ዩ ፓስ» ነው፤ ምርቃቱ በስም ሲሆን ግን «አይ ዊሽ ዩ ሰክሰስ» ይባላል። «አይ ዊሽ ቱ» ብሎ ግስ ማስከተልም አለ፣ ግን የደብዳቤ ቋንቋ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ ይደርቃል።

«ብላ ብላ ይለኛል» ለማለት «ፊል ላይክ» ላይ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ይጨመራል፦ «አይ ፊል ላይክ ኢቲንግ»። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ም (በጉጉት መጠበቅ) «ኢንግ» ይፈልጋል፤ ብዙዎች «ቱ»ን አይተው «ቱ ሲ ዩ» ይላሉ፣ ትክክሉ «ቱ ሲኢንግ ዩ» ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከ«ቱ» በኋላ ስም ብቻውን ከተቀመጠ (ለምሳሌ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊደይ») ግሱም በ«ኢንግ» ያልቃል።

«ውድ ራዘር» («ይህን እመርጣለሁ» ለማለት) ለራስ ሲሆን ያለ «ቱ» ነው፦ «አይድ ራዘር ስቴይ»። ለሌላ ሰው ሲሆን ግን፣ የነገን ጉዳይ እያወራን እንኳ፣ ግሱ ኃላፊ ይሆናል፦ «አይድ ራዘር ዩ ስቴይድ»።