የቻይናን ብሔረሰቦች ጉዳይ መረዳት ለምትፈልጉ፣ ከመታወቂያው ጀምሩ

ለትምህርትም ለንግድም ቻይና የምትሄዱ ወይም ጉዳዩን ከሩቅ የምትከታተሉ ካላችሁ "ቻይናዊ ሁሉ አንድ ነው" የሚለውን ቶሎ ተዉት። መንግስት ያወቃቸው ብሔረሰቦች 56 ናቸው፣ ሃን ከመቶ 91 አካባቢውን ይይዛል፣ የቀሩት 55ቱ በ2020 (እዚህ ያሉት አመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቆጠራ ተደምረው 125 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አናሳ ሲባል ትንሽ ህዝብ እንዳይመስላችሁ፣ ጁዋንግ ብቻውን ከ19 ሚሊዮን በላይ ነው።

መጀመሪያ መታወቂያው ላይ የተጻፈው ብሔር ከየት እንደመጣ እወቁ። በ1953 ቆጠራ ሰው ራሱን በሚጠራበት ስም ይመዝገብ ሲባል ከ400 በላይ ስም መጣ፣ ከዛ መንግስት እነ ፌይ ሺያዎቶንግና ሊን ያኦህዋን የመሳሰሉ ምሁራንን ይዞ ማን ከማን ጋር ይመደብ የሚለውን ማጣራት ጀመረ፣ የመጨረሻው ብሔረሰብ ጂኖ በ1979 ታወቀና ከዛ በኋላ አዲስ አልተጨመረም። ስለዚ ሳይመቻቸው የቀሩ አሉ። በዩናንና በሲቹዋን ክፍለ ሀገሮች ድንበር ላይ ባለው ሉጉ ሀይቅ ዙሪያ ያሉት ሞሱዎች በዩናን በኩል ናሺ፣ በሲቹዋን በኩል ሞንጎል ተብለው ይመዘገባሉ፣ አንድ ህዝብ ናቸው እኮ! እና ስለ አንድ ሰው ብሔር ስታነቡ "ይሄን ያለው መዝገቡ ነው ወይስ ሰውየው ራሱ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል።

መዝገቡም ይቀየራል። በ1982 4.3 ሚሊዮን የነበሩት ማንቹዎች በ1990 9.8 ሚሊዮን ሆነዋል፣ ይሄ ሁሉ በወሊድ አይደለም፣ የመጨረሻው ንጉሳዊ ስርአት የማንቹዎች ስለነበረ እሱ ከወደቀ በኋላ ፈርተው ሃን ነን ሲሉ የኖሩ ቤተሰቦች ጊዜው ሲላላ ወደ ማንቹነታቸው ተመለሱ፣ ከዛ ላይ ደሞ ለአናሳዎች በወሊድ ቁጥርና በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነጥብ የሚደረግ አስተያየት ነበረ። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ "ለነጥብ ብሎ ነው" ብሎ ማቃለል ልክ አይደለም። አሁን ደንቡ ጠብቋል፣ ወላጆቹ የተለያየ ብሔር ያላቸው ልጅ 18 ሳይሞላው ቤተሰብ አንዴ፣ ከ18 በኋላ ባሉት ሁለት አመታት ደሞ ራሱ አንዴ ማስቀየር ይችላል፣ እሱም ወደ አባቱ ወይ ወደ እናቱ ብቻ።

በቋንቋና በልብስ አትፍረዱ። ሁዪዎች ሙስሊም ናቸው፣ የሚያወሩት ግን ቻይንኛ ነው። ቲቪ ላይ በጌጥ ተውበው ሲጨፍሩ የምታዩዋቸው ሚያኦዎችም አብዛኛውን ቀን እንደማንኛውም ሰው ጂንስ ለብሰው ስራ የሚሄዱ ናቸው።

አሁን ከባዱ። ከ2017 ጀምሮ ሺንጂያንግ በሚባለው የሰሜን ምእራብ ቻይና ክልል ውስጥ እጅግ ብዙ ኡይጉሮችና ሌሎች ሙስሊሞች በግዳጅ ታስረው ቆይተዋል፣ መንግስት የሙያ ማሰልጠኛ ነው ይላል፣ የተመድ የሰብአዊ መብት ቢሮ ግን በ2022 ሪፖርቱ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን ይችላል ብሏል። ኢነር ሞንጎሊያ በሚባለው የሰሜን ቻይና ክልልም በ2020 አንዳንድ ትምህርቶች ከሞንጎልኛ ወደ ማንዳሪን ሲቀየሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍል አስቀርተው ተቃውመዋል። ይሄን አንብቡ፣ እወቁ፣ ግን እባካችሁ ኡይጉር ወይ ቲቤታዊ ጓደኛችሁን በዊቻትም (የቻይና የመልእክት መተግበሪያ) ሆነ ሰው ባለበት ስለዚህ አትጠይቁት፣ የሚመጣው ጣጣ ከናንተ ይልቅ እሱና ቤተሰቡ ላይ ነው የሚያርፈው። ራሱ ካነሳው አዳምጡ፣ ስሙን ጠቅሳችሁ ለሌላ ሰው አታውሩ፣ ፎቶውንም አትለጥፉ።

ለቀላሉ ግንኙነት ደሞ፣ "ብሔርህ ምንድነው" ከማለት በፊት ያደገበትን ከተማ፣ ቤት ውስጥ የሚያወሩትን ቋንቋ ጠይቁ፣ ከፈለገ እዛው ይነግራችኋል። ከሁዪ ወይ ከኡይጉር ጋር ልትበሉ ከሆነ ቺንግዠን (ሀላል ማለት ነው) የሚል ምልክት ያለበት ሬስቶራንት ምረጡ። ስም ላይም ኡይጉሮች ሁለተኛው ስማቸው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፣ በሱ አትጥሯቸው፣ በመጀመሪያው ጥሯቸው፣ አጠራሩ ካስቸገራችሁም ከራሳቸው አፍ ስሙት።