ከአይሲዩ የወጣ ሰው ቤት ሲገባ

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ አልጋ ላይ ሲውል አላየሁትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሳንባ ምች ጣለው። ሁለቱም ሳንባው ተጎድቶ ኦክስጅን መቀበል ሲያቅተው፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት 13 ቀን በማሽን ተነፈሰ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሁላችንም አይሲዩ በምንለው፣ በጠቅላላው 19 ቀን ቆየ።

ሲወጣ ቤት እልል ተባለ። ያለቀ መስሎን ነበር። ከባዱ ሥራ ገና ሊጀምር መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፍላችሁ ያደረግነውን፣ የሳትነውንና ፊዚዮቴራፒስቱ ያስተማረንን ነው። ቁጥሮቹን ከራሳችሁ ሐኪም ጋር አስተያዩ።

ደብተሩን ገና አይሲዩ እያለ ጀምሩ

«ደብተር ግዢና በየቀኑ ጻፊለት» ያለችኝ አንዲት የማታ ተረኛ ነርስ ናት። መጀመሪያ አልገባኝም። ሰው በሞትና በሕይወት መካከል እያለ ምን ጽሕፈት ነው? «ሲነቃ እነዚህን ቀናት አያገኛቸውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሕመሙም የማስተኛ መድኃኒቱም አእምሮን ያምታታሉ። ትዝታው ይቆራረጣል፤ ባዶውን ቦታ ቅዠት ይሞላዋል። አባዬ በኋላ እንደነገረን፣ ያን ሁሉ ቀን ጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ላይ መኪና ውስጥ ታስሮ ነበር። አንድ ተሳቢ ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ ኋላ ይመጣበታል። መሸሽ አይችልም። ያ ድምፅ የማሽኑ ነበር። እጁም እኮ በእርግጥ ታስሮ ነበር፤ ቱቦውን እንዳይነቅል።

ስለዚህ ስትጽፉ ቀኑን አስቀድሙ። ራሱን እያናገራችሁ ጻፉ። ከእኛ ደብተር አንዱን ገጽ ልገልብጥላችሁ፦

«አባዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። 6ኛ ቀንህ። እጅህን በለስላሳ ጨርቅ ከአልጋው ጋር አስረውታል፤ ቱቦውን ሁለቴ ልትነቅለው ስለነበር ነው። በቀኝህ ያለው ማሽን በየጊዜው ይጮኻል። ሲጮኽ ነርሷ መጥታ ታየዋለች። ውጭ ዝናብ ነው። የሚያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እማዬ በር ላይ ቆማ ዳዊት ስትደግምልህ ነበር።»

የሚሰማውን ድምፅ፣ ማን እንደመጣ፣ እጁ ለምን እንደታሰረ አትዝለሉ። ቅዠቱን የሚፈታው ይሄ ነው። የመድኃኒት መጠን አያስፈልግም። የሆስፒታል ሒሳብና የቤተሰብ ጭቅጭቅም አይግባበት። እኔ አንድ ቀን ወንድሜን ወቅሼ ጽፌ፣ በኋላ ገጹን ቀድጄ ጣልኩት። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ነርሶቹን አስፈቅዱ፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለ ሰው ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ለመስጠት ደግሞ አትቸኩሉ። እኔ ያወጣሁት ቤት በገባ በ5ኛው ሳምንት፣ «ለመሆኑ ጋላፊ ላይ ማነው ያሰረኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩለት። 6ኛው ቀን ላይ ስንደርስ «በቃ» አለኝ። ሦስት ቀን አልነካነውም። ከዚያ ራሱ «አምጪው» አለ።

የደብተሩ ልማድ ከስካንዲኔቪያ አገሮች ነርሶች የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት 6 የአውሮፓ አገሮች ውስጥ 352 ሕመምተኞች ታይተው ነበር። ደብተሩ በጊዜው ከደረሳቸው መካከል የአእምሮ ጠባሳ (ካለፈ አስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚቀር የቅዠትና የፍርሃት ሕመም) አዲስ የያዛቸው 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልደረሳቸው ግን 13 በመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረንሳይ ውስጥ በ35 አይሲዩዎች፣ 657 ሕመምተኞች ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ይህን ያህል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ደብተር መድኃኒት ነው አልላችሁም። አባዬን ከጋላፊ ያወጣው ግን እሱ ነው።

እግሩን አትርሱ

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጠው የሰፈር ልጆች ተሸክመው አወጡት። ሕመሙ የሳንባ ስለሆነ የደከመው ሳንባው ብቻ መስሎን ነበር። ጭኑን ሳጥበው ነው የደነገጥኩት። ክንዴን አክሎ ነበር።

ይህ የብዙዎች ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶሮንቶ ውስጥ እንደ አባዬ ያለ ከባድ የሳንባ ጉዳት ደርሶባቸው የተረፉ 109 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቷል። ከአይሲዩ ሲወጡ ከክብደታቸው 18 በመቶ አጥተው ነበር። በ6 ደቂቃ የሚራመዱት በ3ኛው ወር 281 ሜትር፣ በ6ኛው 396፣ በዓመቱ 422 ሜትር ነው። የሳንባቸው ምርመራ በ6 ወር ገደማ ወደ ደህናው ሲጠጋ፣ ጉልበታቸው ግን ዓመት ሞልቶትም አልተመለሰም። እነዚህን ቁጥሮች ሳይ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ግን ተረጋጋሁ። አባዬ ሰነፍ አልነበረም ማለት ነው። የያዘው መንገድ ራሱ ረጅም ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ይህን መለኪያ የሚሠሩት 30 ሜትር ኮሪደር ላይ ነው። የእኛ ደጅ ያለው 12 ሜትር ነው። ምድር ቤት ካለው ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን ለካነው። ጫፍና ጫፉ ላይ በጠመኔ አሰመርን፤ በሁለቱም በኩል የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን 3 ደርሶ መልስ ሄደ። 72 ሜትር። ከዚያ ተቀመጠ። ደብተሩ ላይ ጻፍነው።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ከመነሳቱ በፊትና ሲቀመጥ እዩት። እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍሩ ላይ ቀለም ካለ ስለሚሳሳት መጀመሪያ እጁን አሙቁ። ለእኛ የተነገረን ከ88 በመቶ በታች ከወረደ እንድናቆም ነው። መለኪያው ባይኖርም፣ እየሄደ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መጨረስ ከቻለ ልክ ነው። ደረቱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ይቀመጥ።

ትልቁ ስህተታችን ደህና የዋለ ቀን የሠራነው ነው። አባዬ ደስ ብሎት እጥፍ ሄደ፤ እኛም አጨበጨብን። ቀጥሎ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ደህናም ይዋል አይዋል፣ በሳምንት የምንጨምረው አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ሆነ።

ደረጃ የገባነው በ2ኛው ወር ነው። ቆሞ ይተነፍሳል፤ እግሩን ሲያነሳ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን ሰብስቦ ቀስ እያለ ያስወጣል። በየፎቁ ያርፋል። አንድ ሰው ሲወጣ ከኋላው፣ ሲወርድ ከፊቱ ይሁን።

ቤቱ

ምግብ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ሆድ ሲሞላ ትንፋሽ ያጥራል። አጥሚት ብቻውን ጡንቻ አይመልስም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ሲፈቀድለት ጨምሩበት። አባዬ ፍልሰታ ደርሶ «አልበላም» አለን። የንስሐ አባታችንን ጠራናቸው። ለሕመምተኛ ጾም እንደማይጠየቅ እሳቸው ሲነግሩት ነው እንቁላል የቀመሰው። ሁለት ቀን ሳንለምነው እሳቸውን ብንጠራ ይሻል ነበር። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ቱቦ የነበረበት ጉሮሮ ለጊዜው መዋጥ ሊያስቸግረው ይችላል። ውኃ በጠጣ ቁጥር ትን ካለው ለሐኪሙ ንገሩ።

ከሰል ከቤት ይውጣ። ይህ እማዬን አሳዝኗታል፤ ያለ ቡናና ዕጣን «እንኳን ማረህ» የሚል እንግዳ ማስተናገድ ለእሷ ነውር ነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ተፈላ፣ ዕጣኑ ቀረ። ጠያቂም በቀን ከሁለት ሰው እንዳይበልጥ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። የተቀየሙኝ አሉ፤ ይቀየሙኝ።

ሲረሳና ሲቆጣ

አባዬ በ2ኛው ወር ከሱቅ የመጣ መልስ መቁጠር አቃተው። የጭነት ሒሳብ በቃሉ የሚሠራ ሰው! አርጅቶ ነው ብለን ዝም አልን። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣ 821 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ግን፣ ከተፈተኑት 40 በመቶዎቹ በ3ኛው ወር ውጤታቸው መካከለኛ የራስ ጉዳት እንደደረሰበት ሰው ሆኖ እንደተገኘ ይናገራል። ወጣቶችም ነበሩባቸው። ስለዚህ አትሳቁበት፤ አትቆጡትም። እኛ ማታ ማታ የቀኑን ወጪ እሱ እንዲደምር አደረግን። ሲሳሳት አላረምነውም፤ «እስቲ ድገመው» ብቻ ነበር የምንለው። ሌሊት እየጮኸ ከነቃ፣ ሰው ከሸሸ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ ግን የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እነዚህን ካያችሁ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ፦ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አዲስ ትኩሳት፣ የከንፈር መጥቆር፣ የአንድ እግር ማበጥና ማመም፣ ድንገት መቀባዠር።

የሚያስታምመውም ሰው ይተኛ። እኔ የመጀመሪያውን ወር በየሌሊቱ እየተነሳሁ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳይ አደርኩ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ አንቀላፍቼ ሊጥለኝ ሲል ወንድሜን ጠራሁት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእሱ ሌሊት ሆነ። ተራውንም ደብተሩ ላይ ጻፍነው፤ ከ72 ሜትሩ በታች።