ሳይበርፐንክ 2077 ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ይህ ጌም ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ግራፊክስ ካርዱን ነው። ኮምፒውተሩን ለጥገና ወደ እኔ ይዞ ሲመጣም «ካርዱ ሞቷል መሰለኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ምንም አልሆነም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ጌሙ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ራሱ በሽተኛ ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከመባሱ የተነሳ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አወረደው። የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ስለዚህ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ፦ የጌሙ ነው፣ የማሽናችሁ ነው ወይስ የታሪኩ? «የታሪኩ» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

ድራይቨር ማደስ፣ አጥፍቶ ማብራት፣ የጌሙን ፋይሎች ማረጋገጥ፣ እነዚህን ሞክራችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው። አንድ ነገር ግን አሁኑኑ እዩልኝ፦ የጌሙን የቨርዥን ቁጥር። በ1.0 የሚጀምር ከሆነ ከዚህ በታች ካለው ግማሹ እናንተን ይመለከታል፣ የግማሹም መድኃኒት አፕዴት ማድረግ ብቻ ነው። ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ያለ ኢንተርኔት ጭኖ፣ «ጌሙ አይረባም» የሚል ሰው አሁንም አለ። እሱ የሚጫወተው ሠሪዎቹ ራሳቸው ይቅርታ የጠየቁበትን ቨርዥን ነው።

ሕንፃው ዘግይቶ ሲመጣ

ምልክቱ እንዲህ ነው። መኪና እየነዳችሁ ነው። መንገዱ አለ፣ ሕንፃዎቹ ግን መስኮት የሌላቸው ድፍን ሣጥኖች ናቸው። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱም ማስታወቂያውም ከች ይላል። ሰው ያናግራችኋል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ ግን ገና አልደረሰም። ፍጥነት ስትጨምሩ ጌሙ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ዘሎ ይቀጥላል። በጣም ከባሰ መኪናው ገና ካልተሠራ መንገድ ላይ ይወድቃል። የፍሬም ቁጥሩን (በሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚታይ) ብታዩ ደግሞ 60 ይላል። «60 እያለ ለምን ይቆማል?» የሚለውን ጥያቄ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።

ምክንያቱ ዲስኩ ነው።

የጌሙ ከተማ በሆነችው ናይት ሲቲ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ስትሄዱ የሎዲንግ ስክሪን አይመጣም። ከተማው ከዲስክ ላይ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን እየተነበበ፣ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ፊት ለፊታችሁ ይገጣጠማል። ይህን ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። የጌሙ ሠሪ ከሆነው ከሲዲ ፕሮጀክት መሥራቾች አንዱ የሆኑት ማርቺን ኢቪንስኪ በጃንዋሪ 2021 ባወጡት ቪዲዮ፣ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ የነበረው ዋናው ፈተና ይሄው እንደሆነ ተናግረዋል፦ ከተማው በነገር የታጨቀ ነው፣ የኮንሶሎቹ ዲስክ ፍጥነት ደግሞ የተወሰነ ነው።

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም ስትገለብጡበት በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያ ቁጥር ያታልላል። እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ ነገሮችን አምጣ ስትሉት ወደ ጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል፣ መርፌው ከቦታ ቦታ ሲሮጥ ጊዜው ያልቃልና። ይህ ጌም የሚጠይቀው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው፣ ምንም ፕሮግራም አይፈልግም። በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ደህና ከሆነ፣ ያንኑ መንገድ በፈጣን ሞተር ሳይክል ድገሙት። በእግር ደህና ሆኖ በሞተር የሚፈራርስ ከሆነ ዲስኩ ነው። በሁለቱም እኩል የሚንቀረፈፍ ከሆነ ወደ ካርዱ ወይም ወደ ፕሮሰሰሩ ሂዱ። ማረጋገጫ ካሻችሁ ታስክ ማናጀርን ክፍት አድርጋችሁ ንዱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ካርዱ እያዛጋ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው። «እኔ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) አለኝ!» ይሉኛል። አላችሁ፣ አምናለሁ። ጌሙ ግን የት ነው ያለው? ዊንዶውሱ ትንሿ ኤስኤስዲ ላይ ተቀምጦ፣ ጌሙ ቦታ ስላጣ «ዲ» ላይ ተጭኗል፣ «ዲ» ደግሞ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተነቀለ ሃርድ ዲስክ ነው። አንዱ ደንበኛዬ በዚሁ ምክንያት ደህናውን ካርድ ሸጦ ውድ ካርድ ገዛ። አዲሱ ካርድ ተገጠመ፣ ከተማው አሁንም ዘግይቶ ይመጣል። ጌሙን ከ«ዲ» ወደ «ሲ» ባዘዋወርንለት ቀን ፊቱን ብታዩት! ገንዘቡን ሊመልስለት የሚችል የለም።

ሌላው ውጫዊ ኤስኤስዲ ገዝቶ ችግሩ ያልለቀቀው ነው። ዲስኩን አየሁት፣ ደህና ዕቃ ነው። ገመዱን አየሁት፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ 40 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያሳልፈው፤ ምርጥ ኤስኤስዲ ብትሰኩበት ያው ነው። ከዲስኩ ጋር በመጣው ገመድ፣ ዩኤስቢ 3 የሆነው ቀዳዳ ላይ ሰኩት።

የሚያናድደኝ ግን ሐሰተኛው ዕቃ ነው። ሳጥኑ ላይ 2 ቴራባይት ይላል፣ ዋጋው የማይታመን ነው፣ ሲከፈት ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ተለጥፎበት ይገኛል። ኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ብሎ እንዲያነበው ተደርጎ ተሠርቷል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጌሙን ታረጋግጣላችሁ፣ የተበላሸ ፋይል አገኘሁ ብሎ ያወርዳል፣ እንደገና ታረጋግጣላችሁ፣ እንደገና የተበላሸ ያገኛል። መጨረሻ የለውም። ጌሙን አትስደቡ። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በሚያነብ መፈተሻ ፈትሹት። ሐሰተኛ ከሆነ ጣሉት። ለፎቶ አስቀምጠዋለሁ እንዳትሉ! ፎቶዎቻችሁንም ይበላቸዋል።

መፍትሄው እንግዲህ ጌሙን ኤስኤስዲ ላይ መጫን ነው። በሳታ የሚሰካው ተራ ኤስኤስዲ ይበቃል፣ በጣም ፈጣኑን መግዛት ግዴታ አይደለም። እስከ ጫፉ አትሙሉት፣ ርካሾቹ ኤስኤስዲዎች ሲሞሉ ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወድቃል። ለማዘዋወር ድጋሚ ማውረድ አያስፈልግም፣ የጌም መደብሩ ፕሮግራም ራሱ ያዛውርላችኋል። አሁን ለመግዛት አቅሙ ከሌለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ለዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ የተሰጠውን ምርጫ አብሩ፣ የሕዝብ ብዛቱን ዝቅተኛ አድርጉ፣ ከጀርባ የሚወርድ ነገር ካለ አቁሙ። ራማችሁ 8 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን እዚያው ዲስክ ላይ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ማስታገሻ ነው። ከጌሙ ቨርዥን 2.0 ወዲህ ደግሞ ኤስኤስዲ ዝቅተኛው መስፈርት ውስጥ ስለገባ፣ በሃርድ ዲስክ እየተጫወታችሁ የምታሰሙት አቤቱታ ሰሚ የለውም።

ፕሌይስቴሽን 4 ወይም ኤክስቦክስ ዋን ያላችሁ፣ በዩኤስቢ 3 የተሰካ ኤስኤስዲ ሕንፃዎቹን ቶሎ ያመጣላችኋል። ፍሬሙን ግን አያድነውም። የእነዚያ ማሽኖች ፕሮሰሰር ደካማ ነው፣ ለዚህ መድኃኒት የለኝም።

ሴቩ ተበላሽቷል ሲል

አርፋችሁ ስትጫወቱ ቆይታችሁ አንድ ቀን ሴቩ (የደረሳችሁበት የተቀመጠበት ፋይል) አልከፍትም ይላል። ይህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ግፍ ነበር፣ በፒሲ ላይ። ሴቭ ፋይሉ 8 ሜጋባይት ካለፈ ይበላሽ ነበር። የሚያሳብጠው ደግሞ ዕቃ ነው። ያገኘውን ጠመንጃ ሁሉ የሚለቅም፣ መሥሪያ ዕቃ በሺህ የሚያከማች፣ በተለይም አንድን ሥዕል እየሸጠና መልሶ እየገዛ ገንዘብ የሚያባዛበትን ቀዳዳ ያገኘ ሰው ቶሎ ይደርስበታል። መቼም ስግብግብነትን እንዲህ በቀጥታ የሚቀጣ ጌም አላየሁም።

በዲሴምበር 23፣ 2020 የወጣው 1.06 ገደቡን አነሳው። ከዚያ በፊት የተበላሸውን ሴቭ ግን አይመልስም። በኢንተርኔት «ሴቭ እንጠግናለን» የሚሏችሁን አትመኑ። አፕዴት ማድረግ የማትችሉ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሴቭድ ጌምስ የሚባለውን ፎልደር ከፍታችሁ የፋይሉን መጠን እዩ። ወደ 7 ሜጋባይት ከተጠጋ ዕቃችሁን ሽጡ፣ ፍቱ፣ ጣሉ። የሴቩን ቅጂም ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ይህን የመጨረሻውን በየትኛውም ቨርዥን አድርጉት።

ፕሮሰሰሩ ግማሽ ጎኑ ሲተኛ

የኤኤምዲ ራይዘን ባለቤቶች በወጣበት ሰሞን ያዩት ነው። የፕሮሰሰሩ ግማሽ ክር (ትሬድ፣ ሥራ የሚያስኬድበት መስመር) ይሠራል፣ ግማሹ ያርፋል። በ1.05 ለባለ 4 እና ባለ 6 ኮሮቹ ተስተካከለ። ባለ 8 ኮርና ከዚያ በላይ የሆኑት ያኔ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተተዉት። ከዚያ በፊት ሰዉ የጌሙን ዋና ፋይል በራሱ እየከፈተ ጥቂት ቁጥሮች ይቀይር ነበር፣ ደግሞም ይሠራል። ችግሩ፣ ራሱ መቀየር የሰለቸው ሰው ከማያውቀው ሰው የተቀየረ ፋይል ማውረድ መጀመሩ ነው። ይህን አታድርጉ። ቫይረስ የምትጋብዙት እንዲህ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ቀልድ ልጨምር። ጌሙ ውስጥ ሜሞሪ ፑል በጀትስ የሚባል ፋይል ነበር። ውስጡ ያለውን የራም ቁጥር ከፍ ካደረጋችሁ ጌሙ ይፈጥናል ተባለ። ሁሉም ቀየረ፣ ሁሉም «በጣም ፈጠነልኝ!» አለ። ሠሪዎቹ በ1.05 ፋይሉን ሲያጠፉት፣ ከሥራ ጊዜ የቀረ ትርፍ እንደነበርና ጌሙ ላይ ምንም ተፅዕኖ እንዳልነበረው ገለጹ። የመጣ ለውጥ ካለ፣ ምናልባት ጌሙን ዘግቶ መክፈቱ ነው ያመጣው። ስለዚህ አንድ ቅያሪ ሠራ ከማለታችሁ በፊት ጌሙን ዘግታችሁ ብቻ ክፈቱትና አወዳድሩ።

ስክሪኑ ሲቆራረጥ፣ ቪ ሲያስል

ሰማያዊና ቀይ መስመር ስክሪኑን ያቋርጣል፣ ድምፁ ይሰባበራል፣ ሰውየው እየተንገዳገደ ያስላል። ካርድም ገመድም አትንኩ። የጌሙ ባለታሪክ ቪ ጭንቅላቱ ውስጥ የተተከለው ቺፕ እየገደለው ነው፣ ታሪኩ ራሱ ይሄ ነው። ሞኒተሩን ጭምር ተሸክሞ የመጣ አለ። ምልክቱ ከጨዋታው ወጥታችሁ ዴስክቶፑ ላይም ከቀጠለ ያን ጊዜ ካርዱን ጠርጥሩ።

አፕዴት ሲመጣ ጌሙ አልከፍት ሲል

ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) ጭናችሁ ነበር? «አይ፣ አጥፍቼዋለሁ» ትሉኛላችሁ። ጌሙንም አጥፍታችሁ ደግማችሁ ጭናችኋል፣ አሁንም እምቢ። ምክንያቱ፣ ጌሙን ስታጠፉ መደብሩ የሚያጠፋው ራሱ ያመጣቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። እናንተ የጨመራችኋቸው ፎልደሩ ውስጥ ይቀራሉ። አዲሱ ጌም መጥቶ አሮጌዎቹ ሞዶች ላይ ያርፋል። ፋይል ማረጋገጥም ቢሆን የጎደለውን ይሞላል እንጂ ትርፉን አያወጣም።

ሌሎች ሞዶች የሚቆሙባቸው እነ ሳይበር ኢንጂን ትዊክስ እና ሬድ4ኤክስት ከጌሙ ቨርዥን ጋር የተቆራኙ ናቸው። አዲስ አፕዴት በወጣ ቁጥር ይሰበራሉ፣ በእነሱ ላይ የቆሙት ሞዶችም አብረው ይወድቃሉ። ሴቩን ቅጂ አድርጉ፣ ጌሙን አጥፉ፣ ከዚያ የቀረውን ፎልደር በእጃችሁ ሙሉ በሙሉ ደምስሱት። አሁን ጫኑ። ያለ ሞድ ከተከፈተ ሞዶቹን አንድ በአንድ መልሱ፣ በየመሀሉ ጌሙን እየከፈታችሁ። ሁሉንም በአንዴ መልሶ «ተመልሶ ተበላሸ» የሚል ሰው ለእኔ አይደውልልኝ። 1.12 የወጣው ደግሞ በሞድና በሴቭ ፋይል በኩል በኮምፒውተራችሁ ላይ የሰው ኮድ ማስኬድ የሚያስችል ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ስለዚህ ከዚያ በታች ባለ ቨርዥን ላይ የሰው ሴቭም ሆነ ሞድ አትጫኑ።

ምስሉ ደብዘዝ ሲል

ፊልም ግሬይን፣ ክሮማቲክ አበሬሽን፣ ሞሽን ብለር። ምስሉን ሆን ብለው የሚያደበዝዙ ናቸው፤ ሦስቱንም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉ። ፍሬም ካነሰባችሁ ደግሞ የስክሪን ስፔስ ነጸብራቁን ዝቅ አድርጉ፣ ሳይኮ የሚለውን ደረጃ አትንኩት።

ታኬሙራ ደውሎ ዝም ሲል

ታኬሙራ በታሪኩ ውስጥ ለቪ የሚደውል ገጸ ባሕርይ ነው። ዝምታው 1.1 ያመጣው ችግር ነው። 1.11 አስተካክሎታል።

ብልጭታው

ይህን ሳላነሳ አላልፍም። ብሬይንዳንስ የሚባለው ክፍል ሲጀምር የነበረው ፈጣን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችል ነበር። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ያየችው አንዲት ጋዜጠኛ ታማበታለች። በ1.04 ብልጭታው ተቀንሷል። ተቀነሰ እንጂ ከተማው በሙሉ ኒዮን ነው። በሽታው ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጫወት። ያልታደሰውን ቨርዥን ደግሞ ፈጽሞ አታስነኩት።

ፖሊስ ከጀርባችሁ ሲበቅል

ሰው በሌለበት ጣሪያ ላይ ወንጀል ትሠራላችሁ፣ ፖሊሱ ጀርባችሁ ላይ ይወለዳል። መኪና ይዛችሁ ስትሸሹ ደግሞ የሚያሳድድ የለም። ይህ የማሽናችሁ ችግር አይደለም፣ ጌሙ ሲወጣ ፖሊሱ በመኪና ማሳደድ አያውቅም ነበር። 1.2 ፖሊሱ የሚበቅልበትን ርቀት አሻሻለ፣ እውነተኛው ማሳደድ የመጣው ግን በሴፕቴምበር 2023 ከ2.0 ጋር ነው። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ላይ 2.0 ስለማይመጣ እዚያ መፍትሄ የለውም።