የፊልም መክፈቻ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ደብረ ብርሃን ለኤዲት የሚደርሰኝ ቀረጻ አብዛኛው ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከጣርማ በር ነው። ስለ ፎከስና ስለ ፋይል አያያዝ አላወራም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ ተመልካቹ ገና ዋናውን ሰው ሳያይ ስልኩን ያወጣል።

መንስኤ፦ ድሮን። የመንዝ ጓሳ ሜዳ ከላይ፣ ጭላዳ ሲሮጥ፣ ጉም ከገደሉ ሲወጣ፣ ከሥር ዋሽንት፣ በላዩ የስም መዓት፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። አገሩ እንደሚያምር ማን ይክዳል? ግን ማንን እንደምንከተል፣ ምን እንደምንፈራ አልተነገረንም። ደግሞም ድሮን ከራሱ ጩኸት በቀር የሚቀዳው ድምፅ የለም፤ ስለዚህ መክፈቻው ዲዳ ሆኖ ይመጣና በሙዚቃ ይሸፈናል። የመንዝ ብርድ እንዲህ አይሰማም።

መፍትሔ፦ ቀረጻውን ከመሃሉ ጀምራችሁ እዩ። አንድ ወጣት ዳይሬክተር በጓሳ የሚከፈት ፊልም አመጣልኝ። መሃል ላይ አንዲት እናት የቤቷን በር ከውጭ ትቆልፋለች፤ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ከዚያ ዞራ በትንሿ መስኮት ምግብ ታቀብላለች። ከውስጥ እጅ ይቀበላታል፤ ፊት አይታይም። ያንን አውጥቼ መጀመሪያ ላይ አደረግሁት። ማን ነው የተቆለፈበት? ለምን? ተመልካች ከዚህ በኋላ የትም አይሄድም። የድሮኑ ሾትም አልተጣለም፤ የተቆለፈበት ልጅ አምልጦ በሚወጣበት ቦታ ገባ። የሜዳው ስፋት ትርጉም ያገኘው ያኔ ነው።

ሌላው ፊልም የጭነት መኪና ሾፌር ታሪክ ነበር። ሰውየው ይነቃል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሻይ ይጠጣል። እባካችሁ፣ ከአልጋ መነሣትን ተዉ! ሁሉንም ቆርጬ በጥቁር ስክሪን ጀመርሁ፤ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ማርሽ ሲያጓራ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ጉም፣ ከዚያ መሪውን ጨምድዶ የያዘ እጅ።

ይህ የሚሆነው ድምፁ ካለ ነው። በየቦታው ማንም ሳይናገር ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ማይክ ያለ ጸጉራም ሽፋን አታውጡ። በርካሽ የሚሸጠው ስፖንጅ እዚያ ነፋስ ላይ ዋጋ የለውም። ነፋስ የበላውን ንግግር ንጹሕ አድርጌ አላወጣላችሁም፤ ማንም አያወጣም። ጓንት ያደረገ ሰው ማይኩን አይያዝ፤ መተሻሸቱም ይቀዳል።

ስትጨርሱ የመጀመሪያውን ደቂቃ ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው አሳዩ። «እና ምን ሆነች?» ካለ ተሳክቷል። «አገሩ ሲያምር!» ካለ ወደ ታይምላይኑ፣ ቀረጻው ተቆርጦ ወደሚደረደርበት፣ ተመለሱ።

«ለካ ሕልም ነው» የሚል መክፈቻ፦ ጣሉት።

ስሞቹ አይነበቡም፦ ነጭ ጽሑፍ ጉም ላይ አታድርጉ።

ቤት ውስጥ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የካሜራውን ሹተር (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/50 ሰከንድ አድርጉ።