ጀማሪ ተመራማሪዎችን በሱስ ስታቲስቲካዊ ጄኔቲክስ ስናሠለጥን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠው የስታቲስቲካዊ ጄኔቲክስ (የዘረ-መል ልዩነቶች ከበሽታና ከጠባይ ጋር ያላቸውን ዝምድና በስታቲስቲክስ የሚያጠናው ዘርፍ) ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሶፍትዌር በመጫን ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ መጻፍ ይለምዳል፣ በሦስተኛው ቀን ማንሃታን ፕሎት የሚባለውን ባለ ነጥብ ሥዕል ያወጣል፤ «ሱስ አለባቸው» እና «ሱስ የለባቸውም» ተብለው የተለዩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ግን ሥልጠናው ያልቃል። እኔ ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ሶፍትዌሩ ገና ሳይከፈት የተሠሩ በመሆናቸው ሰፋ አድርጌ የማነሣው እነርሱን ነው።

መጠቀምንና ሱስን አንድ አድርጎ ማስተማር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሁለት ሰዎች «ባለፉት 12 ወራት አልኮል ምን ያህል ጊዜ ጠጡ?» ተብለው ሲጠየቁ ሁለቱም «አልጠጣሁም» ብለው መለሱ እንበል። አንደኛው በዕድሜው አልኮል ቀምሶ አያውቅም፤ ሌላው 20 ዓመት ሙሉ ሲጠጣ ኖሮ ጉበቱ ታሞ ሐኪም ስለከለከለው ያቆመ ነው። በመረጃ ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም «0» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ሠልጣኙም ለሱስ በጣም ተጋላጭ የነበረውን ሰው ምንም ካልነካው ጋር ቀላቅሎ ይተነትናል። ናሙናው በመቶ ሺዎች ቢቆጠርም ይህ ጥፋት አይታረምም፤ እንዲያውም የተዛባው ውጤት ይበልጥ የተረጋገጠ መስሎ ይወጣል።

በትልልቅ ናሙናዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የመጠጣት ልማድና የአልኮል ሱስ የዘረ-መል መሠረታቸውን የሚጋሩት በከፊል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ደጋግሞ መጠጣት ከትምህርት ደረጃ ጋር ያለው የጄኔቲክ ዝምድና አወንታዊ ሲሆን የአልኮል ሱስ ዝምድና ግን አሉታዊ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ለክቶ ስለ ሌላው የሚጽፍ ሰው የውጤቱ አቅጣጫ ራሱ ሊገለበጥበት ይችላል። የማነጻጸሪያ ቡድን ምርጫም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) አንድ ጊዜ እንኳ ወስዶ የማያውቅ ሰው ሱስ ያልያዘው አጋጣሚውን ስላላገኘ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ለሕመም ማስታገሻ ወስዶ ሱስ ያልያዘው ሰው የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው፤ እንዲህ ያለውን ናሙና ማሰባሰብ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ግን ለሠልጣኙ ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል።

የቆዩ ግኝቶችን እንደ ተረጋገጠ እውነት ማስተላለፍ

በ1990 ዲአርዲ2 የተባለው የዶፓሚን ተቀባይ ዘረ-መል ከአልኮል ሱስ ጋር እንደሚዛመድ ሪፖርት ሲደረግ ናሙናው የ70 ሰዎች አንጎል ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤቱን አንዴ ሲደግፉት አንዴ ሲያፈርሱት ቆዩ፤ የተመረመረው ልዩነት (ከሰው ሰው የሚለያየው የዲኤንኤ ቦታ) የሚገኘውም በዲአርዲ2 ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ኤኤንኬኬ1 በተባለ ዘረ-መል ውስጥ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ይህን ታሪክ ከማስተማሪያ ጽሑፍ ማውጣት የለብንም፤ ከጥቂት ሰዎች ብዙ ለመናገር የመሞከር ምሳሌ አድርገን ብናቀርበው ይጠቅማል። ከዚያ ሠልጣኙ ራሱ ለአንድ ፈተና የተለመደውን የስታቲስቲክስ ገደብ 0.05ን፣ ጂኖሙን (የሰውን ዲኤንኤ) ሙሉ ስንፈትሽ ለሚኖሩን 1 ሚሊዮን ያህል ነጻ ፈተናዎች ያካፍል፤ 0.00000005 የሚለው ገደብ ከየት እንደመጣ በእጁ ሲያሰላው አይረሳውም። በ2019 የታተመውና 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተው የማጨስና የመጠጣት ጥናት ከ400 በላይ የጂኖም ቦታዎችን ያገኘው በዚህ ዓይነት ጥብቅ ገደብ ነው።

በሌላ በኩል የእያንዳንዱ ዘረ-መል ተጽዕኖ ሁልጊዜ ኢምንት ነው ብሎ ማስተማርም ስህተት ነው። በምሥራቅ እስያ በስፋት የሚገኘው የኤኤልዲኤች2 ዘረ-መል ልዩነት፣ ከአልኮል የሚፈጠረው መርዛማ አሴታልዴሃይድ በሰውነት ውስጥ እንዲከማች ስለሚያደርግ የጠጪው ፊት ይቀላል፣ ያቅለሸልሸዋልም፤ በዚህም ምክንያት ከአልኮል ሱስ በጉልህ ይከላከላል።

የዘር ሐረግን እንደ አንድ የሶፍትዌር ምርጫ መቁጠር

ሲጋራ በብዛት ከሚጨስበትና በጥቂቱ ከሚጨስበት አገር የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ናሙና ቢቀላቀሉ፣ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በድግግሞሽ የሚለያይ ማንኛውም ልዩነት «የማጨስ ዘረ-መል» መስሎ ይታያል። ሠልጣኞች አሥር ዋና አካላትን (የሰዎችን የዘር ሐረግ ልዩነት የሚያጠቃልሉ ስሌታዊ መለኪያዎችን) በሞዴሉ ውስጥ ማስገባት እንዳለባቸው ይሸመድዳሉ፤ ለምን እንደሚያስገቡ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ታማሚዎቹ በአንድ ቺፕ (ዲኤንኤን በሚያነብ መሣሪያ)፣ ማነጻጸሪያዎቹ በሌላ ቺፕ ተነበው ከሆነም ተመሳሳይ የሐሰት ምልክት ይወጣል፤ አሥር አካላት ጨምሮ ማለፍ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። የአንድን ሰው ተጋላጭነት ለመገመት የሚሰላው የብዙ ዘረ-መሎች ድምር ነጥብም አብዛኛው መረጃው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተገኘ ስለሆነ፣ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ትክክለኛነቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ተወራሽነትን ለግለሰብ መተርጎም

የመንትዮችና የጉዲፈቻ ጥናቶች የአልኮል ሱስን ተወራሽነት 50 በመቶ ገደማ ያደርሱታል። ይህ ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚመለከት ነው፤ የአንድ ታማሚ ሱስ ግማሹ ከወላጆቹ መጣ ማለት አይደለም።

የአሌሎችን አቅጣጫ ሳይፈትሹ መቀጠል

ትንሽ ይመስላል፤ ሳምንታት ያባክናል። አሌሎቹ (በአንድ የዲኤንኤ ቦታ ላይ የሚገኙት አማራጭ ፊደላት) ኤ እና ቲ፣ ወይም ሲ እና ጂ የሆኑ ቦታዎች በሁለቱም የዲኤንኤ ሰንሰለቶች ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚነበቡ፣ ሁለት የመረጃ ስብስቦች ሲጋጠሙ የተጽዕኖው ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ ሊዞር ይችላል። ሠልጣኙ ሁለቱን ስብስቦች ከማጋጠሙ በፊት የአሌል ድግግሞሾቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተያይ፤ ድግግሞሹ ወደ 0.5 የተጠጋውን እንዲህ ያለ ቦታ ግን በማስተያየት መለየት ስለማይቻል ከትንተናው ያውጣው።