«አብሽሪ» ብቻ አይበቃም፦ ካንሰር የያዘው ሰው ስናስታምም የምንሳሳታቸው ነገሮች

እናቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት የሰማነው በክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ደሴ እንደ ልማዷ ብርድ ናት። ሆስፒታሉ በር ላይ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝና «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ትሰበራለች» አለኝ። እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ስህተታችን ያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከተሳሳትናቸው ብዙዎቹም ከእሱ የተወለዱ ናቸው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ቤት ውስጥ ያው ነገር ሲደገም ስለማይ ነው።

በሽታውን ከታማሚው መደበቅ

«ትንሽ እጢ ናት፣ በመርፌ ትጠፋለች» አልናት። ኬሞ (በዙር የሚሰጠውን የካንሰር መድኃኒት) ጀመረች። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጸጉሯ ሲረግፍ ከትራሱ ላይ ለቅማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና «ይሄም የእጢ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ ካወቀች ቆይታለች፤ እኛ እንዳንጎዳ ብላ እሷም ትደብቀን ነበር። እሷ ጓዳ ታለቅሳለች፣ እኔ ሽንት ቤት፣ ወንድሜ ደግሞ ውጭ።

ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አፍርጡ አይደለም የምላችሁ። መጀመሪያ «ስለ በሽታሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ዝርዝሩን የማይፈልግ ሰውም አለ፣ መብቱ ነው። ማወቅ ከፈለገች ግን የምትወደው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሐኪሙ ይንገራት። የምትወስደው ምን እንደሆነ የማታውቅ ሰው የትኛው ስሜት የመድኃኒቱ፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነ ለመናገርም ይቸግራታል።

በ«አብሽሪ» ወሬ መዝጋት

ቃሉን እወደዋለሁ፣ ወሎ ተወልዶ የማይወደው የለም። ግን እማዬ «ፈራሁ» ስትል ሁላችንም ተሽቀዳድመን «አብሽሪ፣ ምንም አትሆኚም» እንላታለን፣ እሷም ዝም ትላለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ እህቴ?» ብለው ጠየቋትና ቡናው አቦል ቶና በረካ እስኪል ድረስ አዳመጧት። የፈራችው ሞትን ነው ብለን ነበር። እሷን ያስጨነቃት ግን የታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ በእኔ ምክንያት ትወድቃለች ብላ። ይሄ መፍትሔ ያለው ነገር ነው! በሳምንቱ እህቴ አክስታችን ቤት ሆና ማጥናት ጀመረች፣ እማዬም እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የምትወደው ሁሉ ካስጠላት፣ ለሐኪሟ ንገሩ። ድብርት ይታከማል። «እገሊትም በዚሁ ነው የሞተችው» የሚል ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ወሬ ቀይሩ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ጠበል ወይም ሕክምና፣ አንዱን ምረጪ ማለት

እኛ ቤት ከጠበሉ ጎን እትዬ ያመጡት ዘምዘም ይቀመጥ ነበር፣ ዱዓውም ጸሎቱም አልተቋረጠም። ጥንካሬ ሰጥቷታል፣ አይቻለሁ። አደጋው የሚመጣው ኬሞውን አቋርጦ ሲሄዱ ነው፤ ያኔ እጢው ጊዜ ያገኛል። ሌላው አደጋ በድብቅ የሚጠጣ ሥራ ሥር ነው። አንዳንዱ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፣ አንዳንዱም ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። ሐኪሙ ይቆጣል ብላችሁ አትደብቁ። ጾሙንም ቢሆን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር ተነጋገሩበት፤ በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው።

ትኩሳትን እስኪነጋ ማቆየት

ይሄን እባካችሁ ልብ በሉ። ኬሞ በሽታ የሚከላከልልንን ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ በጣም የሚወርደው ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ትንሽ ኢንፌክሽን ሊገድል ይችላል። ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷት።

ምግብ መከልከልና በግድ ማጉረስ

አንዱ መጥቶ «ሥጋ ካንሰሩን ይቀልበዋል» ይላል፣ ሌላው ስኳር፣ ሌላው ወተት። ሁሉንም ሰምተን እማዬን በአጥሚት ብቻ አከሳናት። በሕክምና ላይ ያለ ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል፦ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ። የሚከለከለው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሻላል፤ ትሪ ሙሉ አቅርቦ «በሞቴ ብዪ» ማለት ያስመልሳታል። አፏ ከቆሰለ በርበሬውን ተዉት። በአንድ ሊትር የፈላና ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) እና ከዚያ ትንሽ ያነሰ ጨው በጥብጣችሁ ትጉመጥመጥበት። ዕጣንና የሚቆላ ቡና ሽታ ካቅለሸለሻት ደግሞ ረከቦቱን ወደ በረንዳ።

ቀኑን ሙሉ ማስተኛት

ድካሟ ስለሚያሳዝነን ከአልጋ አናስነሳትም ነበር። ግን የካንሰር ድካም በመተኛት ብቻ አይለቅም፣ ቀለል ያለ እርምጃ ያቀለዋል። የደሴ ዳገት ስለከበዳት ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ወሰድናት፣ እዚያ ሙቀት ነው፣ ሜዳም አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን እስከ ሱቁ፣ በኋላ እስከ አስፋልቱ። ሐኪሟን ጠይቃችሁ ጀምሩ።

ሕመምን መቻል

ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ «ሞርፊን ሱስ ያስይዛታል» ብለን ከልክለን ሦስት ሌሊት አስጮህናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሐኪም አይቶ በልኩ ሲሰጥ ይህ ፍርሃት ሊያስከለክላት አይገባም ነበር። ብቻ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

ዕቃ መለየት

ካንሰር በብርጭቆ አይተላለፍም። በቃ።

አስታማሚን መርሳት

ቅሬው (የሰፈራችን እድር) ሁሉ እማዬን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ቡና አፍዪ ዕቃ አንሺ የምትባለው እኔ ነኝ። የሚያስለውን ጠያቂ እንኳ ለመመለስ አፍሬያለሁ፣ ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ እያለ። በመጨረሻ የቅሬውን ሴቶች ሰብስቤ ለመንኳቸው፦ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ፣ ጉንፋን የያዛችሁ ደውሉ፣ አንዷ ማክሰኞ ልብስ ትጠብልኝ፣ አንዷ ሐሙስ ከእማዬ ጋር ትዋልልኝ። ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። አንዷም አልተከፋችም፤ በመጀመሪያው ሐሙስ እኔ ለአራት ሰዓት ተኛሁ፣ ስነሳ እማዬ ልትውልላት ከመጣችው ሴት ጋር እየሳቀች ምስር ትለቅማለች።